ያለ ወሩ የተወለደው ልጄ ዳገት ይሩጥ ወይ?

ጥያቄ (እናት፣ ከደሴ)
አሰላሙ አለይኩም። ልጄ 14 ዓመቱ ነው። በስምንት ወሩ፣ በ1.9 ኪሎ ነው የተወለደው፤ ያኔ ደረቴ ላይ በነጠላ አስሬ ነው ያሞቅኩት። አሁን ሩጫ ወዶ በየጠዋቱ የጦሳን ዳገት ይወጣል። እናቴ «ያለ ወሩ የተወለደ ልቡ አይችልም፣ አስቀሪው» ትለኛለች። እኔም ከስቶ የተወለደ ሲያድግ ለልብ ሕመም ይጋለጣል ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። ላስቀረው?

መልስ (ነርስ፣ ከኮምቦልቻ)
ወአለይኩም ሰላም። አብሽሪ እህቴ። የሰማሽው መሠረት አለው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴቪድ ባርከር በ1989 እ.ኤ.አ. ሲወለዱ ክብደታቸው ያነሰ ሰዎች በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። አንዱ ምክንያት ኩላሊት ነው፤ ደም የሚያጣሩት ጥቃቅን ክፍሎች በማህፀን በቁጥር አንሰው ከቀሩ በኋላ አይተኩም፣ ሲያድግ የደም ግፊት ሊጨምር ይችላል። ሩጫ ግን ግፊትን ያወርዳል እንጂ አያመጣም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል።
አታስቀሪው፤ ግፊቱን በየዓመቱ አስለኪው። ሮጦ እንደመጣ ሳይሆን 5 ደቂቃ አርፎ ይለካ። የአዋቂ የግፊት መለኪያ ማሰሪያ ለቀጭን ክንድ ይሰፋና ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፣ ለክንዱ የሚሆን ጠይቂ። በተለያየ ቀን ተለክቶ 130/80ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይየው።

መልስ (እናት፣ ከሐይቅ)
የኔዋ በ3.2 ኪሎ ነው የተወለደችው፣ ልቧን ግን ታማለች። ጉሮሮዋን ደጋግሞ ሲያማት በማርና በዝንጅብል አለፍኩት፤ በኋላ ጉልበቷ አበጠ፣ የልቧ በር ተጎድቶ ተገኘ። እባክሽ የጉሮሮ ሕመምን አትናቂ።

መልስ (የስፖርት መምህር፣ ከወልዲያ)
እኔ ተማሪ ሳስሮጥ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ሲሮጥ ደረቱን ያመዋል? ራሱን ስቶ ያውቃል? በዘመድ መካከል በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ? አንዱ ካለ ሐኪም ሳያየው አላስሮጥም።

ጠያቂዋ
የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሉበትም። ሦስተኛውን አሁን እናቴን ብጠይቃት አለቀሰች። ወንድሟ በ19 ዓመቱ ዳገት ላይ እንደወደቀ ቀርቷል፤ ለኔ ነግራኝ አታውቅም።

መልስ (ነርስ፣ ከኮምቦልቻ)
አላህ ይርሐመው። እንግዲያው እስኪታይ ሩጫውን ያቁም፤ ቀስ ብሎ በእግሩ ይሂድ። ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ የአጎትሽን ነገር አስቀድመሽ ንገሪ፣ ኢሲጂ (የልብን ምት በወረቀት የሚያሳይ ምርመራ) እና የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዝለት። እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ፣ ነገሩን የምታውቀው እሷ ናት።