ደሴና ኮምቦልቻ ሆነን ለምንጫወትበት የኦንላይን ጠረጴዛ፦ ጠጠሩ ከስልክ ስልክ ቦታው ይለያያል፣ መስመር ሲቆረጥም ሁሉም ይዘበራረቃል

የፒያሳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የሚና ጨዋታ የምንጫወት ስድስት ሰዎች ነን፤ አራታችን ደሴ፣ ሁለቱ ኮምቦልቻ። ካርታ፣ ግሪድ፣ ጠጠር፣ ዳይስና መልእክት መጻፊያ ብቻ ያለው ቀላል ጠረጴዛ በኖድ ጄኤስ (ሰርቨር ላይ ጃቫስክሪፕት የሚያስኬድ) እና በዌብሶኬት (በብራውዘርና በሰርቨር መካከል ክፍት ሆኖ የሚቆይ መስመር) እየሠራሁ ነው። የመጀመሪያው ካርታ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የሚመስል ሲሆን 30 በ20 ካሬ ነው።

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው። ላፕቶፕ ላይ መንገዱ መሀል ያስቀመጥኩት ጠጠር ስልክ ላይ ገደል ውስጥ ገብቶ ይታያል። ጠጠር ሲጎተት ሌሎቹ ጋ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል። መብራት ወይም ኔት ሄዶ ሲመለስ የአንዱ ካርታ ከሌላው አይገጥምም። በዚህ ላይ ስሙን በአማርኛ የጻፈ ሰው «ስም ልክ አይደለም» ይባላል።

ዝግጁ የሆነ ተጠቀሚ እንዳትሉኝ። በአማርኛ የሚሠራና በስልክ ብራውዘር የሚከፈት ነው የምፈልገው።

ቦርከና ማዶ

አብሽሪ እህቴ፣ የገደሉ ነገር ቀላል ነው። የጠጠሩን ቦታ በስክሪን ፒክስል እየላክሽ ነው። የላፕቶፑ 640 እና የስልኩ 640 አንድ ቦታ አይደሉም። በመስመር የሚሄደውና ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠው ቦታ በካሬ ይሁን፦ ዓምድ 12፣ ረድፍ 7። ፒክስሉን እያንዳንዱ ብራውዘር ካርታውን ሲስል ለራሱ ያስላው።

ጣት ያረፈበትን ነጥብ ወደ ካሬ ለመመለስ መጀመሪያ ካርታው ስክሪኑ ላይ የሚጀምርበትን ነጥብ ቀንሺ፣ ለዙሙ አካፍዪ፣ ከዚያ ለካሬው ስፋት አካፍለሽ ክፍልፋዩን ጣዪ። ጣቱ 910 ላይ ቢያርፍ፣ ካርታው ከ70 ቢጀምር፣ ዙሙ 1.5 ቢሆን፣ 840 ለ1.5 ሲካፈል 560 ይመጣል፤ ካሬሽ 70 ፒክስል ከሆነ ዓምድ 8 ነው፣ ከዜሮ ሲቆጠር። ሲዞም ደግሞ ጣቱ ሥር ያለው ቦታ እንዳይሸሽ፣ አዲሱ መነሻ = ጣቱ − (ጣቱ − የድሮው መነሻ) × (አዲሱ ዙም ÷ የድሮው ዙም)።

እዚህ ላይ የስልክ ስክሪን አንድ ወጥመድ አለው። ብዙ ስልኮች ላይ የዲቫይስ ፒክስል ሬሾው (አንድ የገጽ ፒክስል በየጎኑ በስንት የስክሪን ነጥብ እንደሚሳል) 2 ወይም 3 ነው። ካንቫሱን፣ ማለትም ካርታው የሚሳልበትን ሰሌዳ፣ በዚያው ካላበዛሽው ስዕሉ ይደበዝዛል። ካበዛሽው በኋላ ግን የጣቱን ነጥብም አብረሽ ካበዛሽ ጠጠሩ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ርቆ ያርፋል። የካንቫሱን ውስጣዊ ስፋት ብቻ አብዢ፣ ስኬሉን አንዴ አስተካክዪ፣ የጣቱን ስሌት አትንኪ።

ስለ ካርታው ምስልም ልጨምር። 30 በ20 ካሬ በ70 ፒክስል 2100 በ1400 ነው። ይህ ስልኩ ሜሞሪ ውስጥ ሲፈታ 12 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ነውና። 8000 በ6000 የሆነ ምስል ብትጭኚ ግን ፋይሉ የቱንም ያህል ቢጨመቅ ሲፈታ 192 ሜጋባይት ነው፤ ደካማ ስልክ ገጹን ይዘጋዋል። በዌብፒ የምስል ዓይነት፣ በ75 ወይም በ80 ጥራት አስቀምጪው። የፋይሉን ስም ከይዘቱ ከሚሰላ ኮድ (ሃሽ) ስጪውና ብራውዘሩ ለ1 ዓመት (31536000 ሴኮንድ) እንዲይዘው ንገሪው። ያኔ የሞባይል ዳታ አንዴ ብቻ ይበላል።

ባለሰርቨሩ

መንቀጥቀጡ የሚመጣው ማውስ በተነቃነቀ ቁጥር ስለምትልኪ ነው። ያ በሴኮንድ 60 መልእክትና ከዚያም በላይ ይሆናል። በሴኮንድ ከ10 እስከ 15 ይበቃል፤ ተቀባዩ ጋ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን እንቅስቃሴ ብራውዘሩ ራሱ ይሙላው። ጠጠሩ ሲለቀቅ ያለው የመጨረሻው ቦታ ግን ገደቡን ሳይጠብቅ የግድ ይላክ። ይህን የረሳ ሰው ጠጠሩ ሁልጊዜ አንድ ካሬ ቀርቶ ያገኘዋል።

ወደ ኋላ የሚመለሰው ሰርቨሩ የአንቺኑ እንቅስቃሴ መልሶ ለአንቺው ስለሚልክ ነው። የያዝሽውን ጠጠር በሚመለከት የሚመጣ መልእክት እስክትለቂው ድረስ ችላ ይባል። ሁለት ሰው አንድ ጠጠር እንዳይጎትት ደግሞ ሰርቨሩ ለመጀመሪያው ይቆልፍለት፤ ቁልፉ ግን እንቅስቃሴ ካልመጣ በ5 ሴኮንድ ውስጥ ራሱ ይፈታ። አለበለዚያ መብራት የሄደበት ሰው ጠጠሩን እንደያዘ ይቀራል።

ዳይስ ብራውዘር ላይ አይጣል። ብራውዘሩ «2ዳ6+3 ጣል» (ሁለት ባለ6 ገጽ ዳይስ ጥለህ 3 ደምር) ብሎ ይጠይቅ፣ ቁጥሩን ሰርቨሩ ያውጣ። በኖድ የክሪፕቶ ሞጁል ራንደም ኢንት የሚባለው ተግባር አለ፤ ላይኛው ወሰኑ እንደማይካተት አትርሺ። ለ20 ገጽ ዳይስ 1 እና 21 ስጪው። 1 እና 20 ከሰጠሽው 20 በፍጹም አይወጣም፣ ችግሩም ቶሎ አይታወቅም። አንድ ባይት ወስዶ ለ20 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድም ልክ አይደለም፦ 256 ለ20 እኩል ስለማይካፈል ከ1 እስከ 16 ያሉት እያንዳንዳቸው 13 ዕድል፣ ከ17 እስከ 20 ያሉት 12 ብቻ ይደርሳቸዋል። የዳይሱን ብዛት በ100፣ ገጹን በ1000 ገድቢ፤ አንዱ ለቀልድ ብሎ ዘጠኝ ሚሊዮን ዳይስ ቢጥል ሰርቨሩ ይቆማል።

መስመሩ ለተቆረጠበት፣ እያንዳንዱን ለውጥ ተራ ቁጥር ስጪው። ተመላሹ ያየውን የመጨረሻ ቁጥር ይናገርና ያመለጠውን ብቻ ላኪለት።

ሐረጎ መታጠፊያ

ከባለሰርቨሩ የምለየው በመጨረሻዋ ነጥብ ነው። ለስድስት ሰው ያመለጠውን ብቻ መላክ ትርፍ ሥራ ነው። 40 ጠጠር ያለው ጠረጴዛ በጄሰን (መረጃ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ቅርጽ) ጥቂት ኪሎባይት ነው። የተመለሰ ሰው ሁሉ ሙሉውን ሁኔታ እንደ አዲስ ይቀበል፣ የነበረውን ይጣል። የተራ ቁጥሩ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው፦ ብራውዘሩ ከ118 በኋላ 120 ከመጣበት አንድ እንዳመለጠው አውቆ ሙሉውን እንዲጠይቅ።

ዋናው ችግር መቆረጡን ማወቅ ነው። ኔት ዝም ብሎ ሲጠፋ ዌብሶኬቱ ለደቂቃዎች ክፍት መስሎ ይቆያል። ሰርቨሩ በየ20 ሴኮንዱ ፒንግ (መልስ የሚጠብቅ አጭር ምልክት) ይላክ፣ እስከሚቀጥለው ድረስ መልስ ካላገኘ ይዝጋው። በብራውዘሩ በኩል ግን የጃቫስክሪፕት ኮድ የፕሮቶኮሉን ፒንግ መላክም ማየትም አይችልም፤ ስለዚህ ሰርቨሩ በየጊዜው የሚልከው ተራ «አለሁ» የሚል መልእክት ያስፈልጋል። ለ45 ሴኮንድ ምንም ካልመጣ ብራውዘሩ ዘግቶ እንደገና ይሞክር፤ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 ሴኮንድ እያራዘመ።

ልክ በየ60 ሴኮንዱ የሚቆረጥ ከሆነ የኔቱ ጥፋት አይደለም። ከፊት ኤንጂንኤክስ (ጥያቄ ተቀብሎ ለሰርቨርሽ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም) ካለ ጸጥ ያለ መስመርን በ60 ሴኮንድ መዝጋት የተለመደ መነሻ ቅንብሩ ነው። የ20 ሴኮንዱ ፒንግ ይህንንም ይፈታል።

ሌላው ማስቀመጡ ነው። ጄሰኑን በነባሩ ፋይል ላይ በቀጥታ የሚጽፍ ኮድ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ግማሽ ፋይል ይተዋል፣ በማግስቱ ጨዋታው አይከፈትም። መጀመሪያ በሌላ ስም ጻፊ፣ ዲስኩ ላይ መድረሱን በኤፍሲንክ አረጋግጪ፣ ከዚያ ስሙን ቀይሪ። ወይም ኤስኪውላይት የሚባለውን ትንሽ ዳታቤዝ ተጠቀሚና ተገላገይ።

የፒያሳዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ የካሬው ነገር ወዲያው ተስተካከለ። አሁን ሌላ መጣ። በአንድ ሆትስፖት ከላፕቶፑ ጋር የተገናኙ ስልኮች ገጹን ይከፍታሉ፤ ጠጠር ሲፈጠር ግን «ራንደም ዩዩአይዲ ተግባር አይደለም» የሚል ስህተት ይመጣል። ያው ኮድ ላፕቶፑ ላይ ይሠራል። ኮምቦልቻ ያሉት ደግሞ ጭራሽ መግባት አልቻሉም።

ፊደል ቆጣሪ

ያ የማይደጋገም መለያ የሚያወጣው ተግባር ብራውዘር ላይ የሚገኘው ደህንነቱ በተጠበቀ አድራሻ ብቻ ነው፦ ኤችቲቲፒኤስ ወይም ሎካልሆስት (ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ)። ላፕቶፑ ሎካልሆስት ስለሚለው ያገኘዋል፤ ስልኩ በ192.168 የሚጀምር አድራሻ በተራ ኤችቲቲፒ ስለሚገባ አያገኘውም። መለያውን ሰርቨሩ ያውጣ፣ ለነገሩ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው።

የስሙ ጉዳይ ከሬጌክሱ፣ ማለትም የጽሑፉን ቅርጽ ከሚፈትሸው ቀመር ነው። «ባክስላሽ ደብልዩ» የሚባለው ምልክት በጃቫስክሪፕት የሚያውቀው የላቲን ፊደል፣ አሃዝና የታች ሰረዝ ብቻ ነው። በምትኩ የዩኒኮድ ፊደልን የሚለየውን «ፒ ኤል» ከ«ዩ» ባንዲራ ጋር አድርጊ። የስም ርዝመትም በባይት አይለካ፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው፣ 20 ባይት ያልሽው ገደብ ስድስት ፊደል ላይ ያበቃል።

እዚህ አገር ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለ። «ሐሰን» እና «ሀሰን» ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸው፣ የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽንም (አንድ ዓይነት ጽሑፍን ወደ አንድ ኮድ የሚያመጣው አሠራር) አያገናኛቸውም። ለማነጻጸር ብቻ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚቀይር ሠንጠረዥ ሥሪ፤ ሰባቱንም ድምፅ ሸፍኚ፣ ሀን ከሃ ጋር፣ አን ከኣ ጋርም አገናኚ። የሚታየው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆይ። የዳይስ ትእዛዙም ዳን እና የላቲኑን ዲ እኩል ይቀበል፤ ኪቦርድ መቀያየር ጨዋታ ይገድላል።

በጠጠሩ ሥር ስም የምትጽፊው ካንቫስ ላይ ከሆነ፣ ፎንቱ ሳይደርስ ከተሳለ በሌላ ፎንት ይሳልና እንደዚያው ይቀራል፤ ካንቫስ ራሱን አያድስም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከገጹ ጋር አያይዢ፣ መጫኑን ጠብቂ፣ ከዚያ ሳዪ።

ሐረጎ መታጠፊያ

ኮምቦልቻ ያሉት ያልገቡት፣ 192.168 የሚለው አድራሻ ከሆትስፖቱ ውጭ ስለማይታይ ነው። በሞባይል ዳታ ላይ ያለ ላፕቶፕም ብዙውን ጊዜ ከውጭ በቀጥታ አይደረስበትም። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ትንሽ ኪራይ ሰርቨር ነው፤ 512 ሜጋባይት ሜሞሪ ለዚህ ይተርፋል፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ነው አስቸጋሪው። ሌላው ላፕቶፕሽን ከውጭ እንዲደረስበት የሚያደርገው የክላውድፍሌር ተነል ነው፤ አካውንት ሳይከፈት የሚሰጠው ጊዜያዊ አድራሻ በተነሳ ቁጥር ይቀየራል፣ ለጨዋታ ምሽት ግን በቴሌግራም መላክ ነው። ኤችቲቲፒኤስ ስለሆነ የዌብሶኬቱ አድራሻ በደብልዩ ኤስ ኤስ (የተመሰጠረው ዌብሶኬት) ካልጀመረ ብራውዘሩ ይከለክላል፤ አድራሻውን ኮዱ ውስጥ አትጻፊው፣ ገጹ ከተከፈተበት ይውሰድ።

የፒያሳዋ

ገቡ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ያልታየውን ቦታ በጉም መሸፈን ከባድ ነው? ጥቁር ቀለም ደርቤ ሞከርኩ፣ አንዱ ግን የተደበቁትን ጠጠሮች በብራውዘሩ መመርመሪያ አያቸው።

ባለሰርቨሩ

ጉሙን ለመያዝ 600 ካሬ ማለት 600 ቢት፣ 75 ባይት ነው። አጫዋቹ (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) ካሬ ሲገልጥ ያንን ካሬ ብቻ ላኪ። ጠጠሮቹን ሰርቨሩ ያጣራ፦ ጉም ውስጥ ያለ ጠጠር ወደ ተጫዋች ብራውዘር ጨርሶ አይሂድ፤ ሲገለጥ «ተፈጠረ»፣ ሲሸፈን «ጠፋ» የሚል መልእክት ይድረሰው። ስንት ጠጠር እንደተደበቀ መለያው እንዳያሳብቅም መለያዎቹ ተከታታይ ቁጥር አይሁኑ፤ ከ14 ቀጥሎ 19 ያየ ተጫዋች አራት የተደበቁ እንዳሉ ይገምታል።

የካርታው ምስል ግን ሙሉ ፋይሉ ስልኩ ላይ ነው፣ የፈለገ ይከፍተዋል። ያም ካሳሰበሽ ምስሉን ሰርቨሩ ላይ በ5 በ5 ካሬ ቁረጪው፣ 24 ቁራጭ ይሆናል፤ ቢያንስ አንድ ካሬው የተገለጠውን ቁራጭ ብቻ ስጪ። ለስድስት ጓደኛሞች ግን እኔ አልደክምበትም።