አጥባቂ ሃይማኖተኛ ቤቱን ትቶ ከሚወደው ወንድ ጋር ስለሚኖር ወጣት ልብ ወለድ እየጻፍሁ ነው፤ አባትየውን እንዴት ልሣለው?

ጠያቂ፦ ጀማሪው ብዕር

የዚህ መድረክ አንባቢያን፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በአማርኛ ረዘም ያለ የፍቅር ልብ ወለድ በመጻፍ ላይ ነኝ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2016 በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የሚካሄድ ሲሆን፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኢዮስያስ እዚያው ተወልዶ ያደገ የ25 ዓመት ወጣት ነው። አባቱ የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ እናቱ የጸሎት ቡድን አስተባባሪ ናቸው፤ እርሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ለመዘምራኑ ኪቦርድ ይጫወታል። የሚወደው ሄኖክ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥቶ ጥገኝነት የጠየቀ፣ ማታ ፓርኪንግ እየሠራ ቀን የሚተኛ፣ በኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ሰው ነው።

የፍቅራቸው ምዕራፎች ብዙም አላስቸገሩኝም። የተቸገርሁት ኢዮስያስ ቤቱን በሚለቅበት ምዕራፍ ነው። አሁን ባለው ረቂቅ አባትየው የልጁን ስልክ ከፍቶ መልእክቶቹን ያነባል፣ ይጮኻል፣ ሻንጣውን ወደ በረዶው ይወረውራል፤ እናት ታለቅሳለች፣ በሩ ይዘጋል። ረቂቁን ያነበቡልኝ ወዳጆቼ ሁለቱን ወጣቶች እንደወደዷቸው፣ አባትየው ግን ሰው ሳይሆን ግድግዳ እንደሆነባቸው ነግረውኛል።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መለያየቱ በእውነት በምን መልክ እንደሚፈጸም፣ አንባቢው አባትየውን ሳይጠላ የልጁን ውሳኔ እንዲረዳ ምን ማድረግ እንደሚቻል ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ስለ ጉዳዩ ትክክልነት እንድንከራከር አይደለም የምጠይቀው፤ ታሪኩ እውነትነት እንዲኖረው እንድታግዙኝ ነው።

መልስ፦ ታላቅ እህት

አባትየውን ከራሱ ወጣትነት ይጀምሩት። እ.ኤ.አ. በ2016 ስልሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ሲፈነዳ የ17 ወይም የ18 ዓመት ጎረምሳ ነበር። የዚያ ትውልድ ጴንጤ አብዛኛው በጴንጤ ቤት አልተወለደም፤ ከኦርቶዶክስ ቤት ወጥቶ ነው ጌታን የተቀበለው። ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በ1959 ዓ.ም. ሕጋዊ እውቅና ጠይቃ እንደተከለከለች፣ በደርግ ዘመንም የጸሎት ቤቶች ታሽገው ምእመናን በየሰው ቤት በር ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ እንደነበር ያውቃሉ። ከመንግሥት ይልቅ የሚያመው ግን የቤተሰቡ ነበር። ልጁ «ጸረ ማርያም» ይባላል፣ ማዕዱ ይለይበታል፣ «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለህም» ይባላል፤ ሲሞትም በደብሩ ቅጥር መቀበር ይከለከል ነበር።

እንግዲህ የኢዮስያስ አባት በዚያ ዕድሜው ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ከአባቱ ቤት የወጣ ሰው ነው እንበል። ከዚያ በሱዳን በኩል ተሰዶ፣ ካርቱም ከርሞ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ መሠረት ገብቷል። በየጉባኤው የሚሰጠው ምስክርነት ይኸው ታሪክ ነው፤ ከእርሱ ይልቅ አባትን ወይም እናትን የሚወድ ለእርሱ ሊሆን እንደማይገባው ጌታ የተናገረበትን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 በቃሉ ይወጣዋል። ኢዮስያስ ይህን ምስክርነት እየሰማ፣ ከበስተጀርባው ቀስ አድርጎ ኪቦርድ እየመታ ነው ያደገው። ስለዚህ ልጁ አንድ ቀን ማታ «እኔ እውነት ነው ብዬ ያወቅሁትን መካድ አልችልም» ሲል አባትየው የሚሰማው የራሱን ዐረፍተ ነገር ነው። የሚያስደነግጠውም ልጁ የሚለው ስላልገባው አይደለም፤ በሚገባ ስለገባው ነው። መልሱም ዝግጁ ነው፦ «እኔ ቤቴን ለእግዚአብሔር ብዬ ተውሁ፤ አንተ ለሰው ብለህ ልትተወው ነው?» እባክዎ ልጁን በዚህ ክርክር እንዲያሸንፍ አያድርጉት። መልስ አጥቶ ዝም ቢል፣ ዝም እንዳለም ቢወጣ ይሻላል።

ሻንጣውን በተመለከተ፣ እኔ ባደግሁበት ዓይነት ቤት ሻንጣ አይወረወርም። እራት በሰዓቱ ይቀርባል፣ ከእራት በኋላ «እንጸልይ» ይባላል። ለእናት የጾም ጸሎት ይታወጃል፣ ምክንያቱ ግን ለማንም አይነገርም። ከሌላ ስቴት የመጣ ፓስተር «በዚህ በኩል ሳልፍ» ብሎ ጎራ ይላልና ከልጁ ጋር ብቻውን ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ከዚያም ለመዘምራኑ «ለጊዜው ይረፍ» ተብሎ ይነገራቸዋል። ቤት ከመልቀቅ በፊት የሚሆነው ይህ ነው፤ ከአገልግሎት መቆም። ኢዮስያስ በእሁድ ጠዋት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ የራሱን ኪቦርድ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ኮርዱን እየሳተ ሲጫወትበት ይስማ። እኔ ብሆን ምዕራፉን እዚያ ላይ አሳርፈዋለሁ፤ ልብሱን ይዞ የሚወጣበትን ቀን በሁለት መስመር ማለፍ ይበቃል።

መልስ፦ አስተርጓሚው

ከላይ በተባለው ላይ ስለ ወረቀቱ ጉዳይ ልጨምር፤ በዚህ አገር የፍቅርም የቤተሰብም ታሪክ ያለ ወረቀት አይጻፍምና።

ስልክ ከፍቶ መልእክት ማንበብ በየድራማው አለ። ኢዮስያስ 25 ዓመቱ ከሆነ ግን 26 እስኪሞላው ድረስ በአባቱ የጤና ኢንሹራንስ ውስጥ መቆየት ይችላል። አንድ የሥነ ልቦና አማካሪ ማየት ቢጀምር፣ ወይም ምርመራ ቢያደርግ፣ ለየትኛው ሐኪም ምን ያህል እንደተከፈለ የሚገልጸው ደብዳቤ የሚላከው ኢንሹራንሱ በስሙ ለተገባው ሰው፣ ማለትም ለአባትየው ነው። አባትየውም ፖስታውን የሚከፍተው ሊሰልል ፈልጎ ሳይሆን ሒሳብ ስለሚከፍል ነው። መጀመሪያ የሚፈራው ልጁ ታሞ እንደሆነ ነው፤ «ምን ሆንህብኝ?» ብሎ ነው የሚጠይቀውም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቁጣ በዚያ ፍርሃት ላይ ያረፈ ስለሚሆን አባትየው ግድግዳ አይመስልም።

ሄኖክን ደግሞ አይርሱት። በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነት በቀላል እስራት ያስቀጣል፤ የጥገኝነት ጥያቄውም በዚህና በደረሰበት ነገር ላይ ይመሠረታል። ማመልከቻው አሜሪካ ከገባበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ብዙ ወጣቶች ይህን ጊዜ የሚያሳልፉት ስለ ሕጉ ሳያውቁ ቀርተው ብቻ ሳይሆን፣ ጉዳዩን ለጠበቃ አፍ አውጥቶ መናገር ስለሚከብዳቸው ነው። ቃለ መጠይቁ በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ በሚገኘው የጥገኝነት ቢሮ ይደረጋል፤ በዚያ ዘመን ወረፋው ዓመታት ይወስድ ነበር፣ እንግሊዝኛው የማይበቃው አመልካችም አስተርጓሚ ራሱ ይዞ መቅረብ ነበረበት። አሁን ያስቡት፦ በዋሽንግተን አካባቢ አማርኛና እንግሊዝኛ አጣርቶ የሚያውቅ፣ በሥራ ቀን ፈቃድ ወስዶ ሊመጣ የሚችል ሰው ማን ነው? የአንዱ የአጎት ልጅ፣ የሌላው የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ሄኖክ ከቤተሰቡ የደበቀውን ነገር ለመንግሥት በዝርዝር ማስረዳት አለበት፣ የሚያስረዳውም በሚፈራው ማኅበረሰብ አፍ በኩል ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ፣ አመልካቹ ገና ስሜን ሲጠይቀኝ የቤተሰቤን አገር ለማወቅ መሆኑ ይገባኝ ነበር። ኢዮስያስ ሊያስተረጉምለት ይፈልጋል፤ ግን ስለ ግንኙነታቸው ምስክር ሆኖ የሚቀርበው እርሱ ራሱ ከሆነ አስተርጓሚ ሊሆን አይፈቀድለትም።

አንባቢም «ለምን አይጋቡም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በሜሪላንድ በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው የጋብቻ ሕግ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 26 ቀን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔም ዜጋ የሆነ ሰው ለተመሳሳይ ፆታ የትዳር ጓደኛው የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ቻለ። ታሪክዎ ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ መንገዱ ዝግ ነበር። በ2016 ግን ኢዮስያስ ዜጋ ስለሆነ ሊያገባው ይችላል፣ እዚህ ላይ ነው ፍቅሩ የሚፈተነው። ከተማው ስለ ሄኖክ «ለኬዝ ብሎ ነው እንጂ» ይላል፤ ከተጋቡ ደግሞ «የወረቀት ጋብቻ ነው» ይባላል። ሄኖክ «ጉዳዬ በራሱ እስኪያልቅ ድረስ አላገባህም» ቢል የሚገባኝ ኩራት ነው። ኢዮስያስ ደግሞ ይህን፣ ቤቱን ትቶለት ለመጣ ሰው እንደተሰጠ እምቢታ ሊወስደው ይችላል።

መልስ፦ አማኝ አንባቢ

በዚህ ጉዳይ የእምነቴ አቋም የታወቀ ስለሆነ አልደግመውም፤ ጠያቂውም ክርክር አልፈለጉም። ነገር ግን ስለ እኛ የሚጻፈው በትክክል እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። በመጀመሪያ፣ በስውር ኃጢአት የሚሠራ ግብዝ ፓስተር በመጨረሻው ምዕራፍ እንዳያመጡብን እለምናለሁ፤ ርካሽ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ አባትየው ሽማግሌ ከሆነ የሚያጣው ልጁን ብቻ አይደለም። በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 3 መሠረት የራሱን ቤት በመልካም የማያስተዳድር ሰው የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን ሊጠብቅ አይችልም። ማንም ሳያስገድደው ራሱ ተነሥቶ ከሽማግሌነቱ የሚለቅ አባት አውቃለሁ ባልልም፣ እንዲህ የሚያደርግ አባት በሚገባ ሊኖር ይችላል። ወንበሩን ያጣበትን ልጅ እየወደደ፣ ትምህርቱንም ሳይለውጥ የሚኖር ሰው ይጻፉልን። በመጨረሻው ገጽ አስተምህሮውን ጥሎ ቢያቅፈው እኛ አናምንዎትም።

ጠያቂ፦ ጀማሪው ብዕር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ሽማግሌነቱ የተነሣው ነጥብ የአባትየውን ክፍል በሙሉ እንደ አዲስ እንድጽፈው የሚያደርግ ነው። አንድ የቀረኝ ነገር አለ። መጨረሻው ላይ አባትየው በሠርጉ በር ላይ ብቅ እንዲል አስቤ ነበር፤ አሁን እንደማይሆን ይገባኛል። ታዲያ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ማን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ታላቅ እህት

በእኛ ዘንድ ጠብ ሲኖር ሽማግሌ ይላካል፤ ጋብቻም የሚጀመረው ሽማግሌ በመላክ ነው። ለእነዚህ ሁለት ልጆች ግን ማንም ሽማግሌ አይሄድላቸውም፤ የሚሄድ ቢገኝ እንኳ ጫማውን ሳያወልቅ «ለምን ጉዳይ መጣችሁ?» ሲባል የሚናገረው አያገኝም። ስለዚህ ያለ ተልእኮ የሚመጣ ሰው ያስፈልግዎታል። እኔ የአባትየውን ታላቅ እህት ብመርጥ ደስ ይለኛል፤ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምትኖር፣ ነጠላዋን አጣፍታ ኪዳን የምታደርስ ኦርቶዶክስ። ያኔ ወንድሟ ጴንጤ ሆነ ተብሎ ሲባረር አባቷ ሳያይ በጓሮ በኩል እንጀራ ታቀብለው የነበረችው እርሷ ናት። ሃይማኖቱን አልተቀበለችለትም፣ ዛሬም አልተቀበለችም። እንዲህ ዓይነት ሴት ለወንድሟ የምትለው ረጅም ንግግር የለም፤ «ያንተም ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ልጁ ግን ምን እየበላ ነው?» ብትል በቂ ነው። አባትየው መልስ ባይሰጣት፣ ግን እናትየው በሚቀጥለው ሳምንት የሽሮ ዱቄቱን በእርሷ በኩል ብትልክ፣ ታሪኩ እስከዚያ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ በላይ እንዲሄድ አላስገድደውም።

የአስተርጓሚውን ቃል ግን ልደግመው፤ ሄኖክን ቤት የማስለቀቂያ ምክንያት ብቻ አድርገው እንዳይጽፉት። ሁለቱ አብረው መኖር ሲጀምሩ በመካከላቸው የሚነሣውን ያስቡበት። ሄኖክ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል፣ እሁድ ጠዋት ከፓርኪንግ ሥራው እንደወጣ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም አይተኛም። ኢዮስያስ ቤቱን ቢለቅም ያደገበትን ስብከት አልለቀቀም፤ በሥዕል ፊት መስገድ ዛሬም ያሳቅቀዋል፣ ሄኖክ እስኪሳለም መኪናው ውስጥ መጠበቅ እንኳ ይከብደዋል። አንድ እሁድ ይህን በአባቱ ድምፅ ይናገረዋል። ሄኖክ የሚመልስለትን በደንብ ያስቡበት፤ ለዚህ ጠብ ከአባትየው ጠብ ያላነሰ ገጽ ይስጡት።