ቡችላ ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ?

የጅሬኑ ተከራይ፦
ሰላም ናችሁ? የሥራ ባልደረባዬ ውሻ አምስት ቡችላ ወልዳለች። አንዱ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ጫማዬ ላይ ተጋድሞ እንቅልፍ ወሰደው። በቃ፣ ልቤ እዚያው ቀረ። ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቡና መጋዘን እገባና ማታ 12 ተኩል ነው የምመለሰው። ጅማ፣ ጅሬን መውጫ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ግቢው አራት ተከራይ አለው፤ የአጥሩን ቆርቆሮ ከሥሩ ዝገት በልቶታል፣ ሌሊት ደግሞ ጅብ አይጠፋም። በወር አንዴ አጋሮ እናቴ ጋ እሄዳለሁ። ሰንሰለት ግን ገዝቻለሁ (አትሳቁ)። ገና አምስት ሳምንቱ ነው፣ ቅዳሜ ውሰደው ተብያለሁ። ምን ትላላችሁ?

ባለ ሦስት ውሻ፦
መጀመሪያ ሰንሰለቱን መልስ። ሙሉ ቀን ታስሮ የዋለ ውሻ ወይ ሲጮኽ ያድራል፣ ወይ ሰው ይነክሳል። ደግሞ ስምንት ሳምንት እስኪሞላው እናቱ ጋ ይቆይ። ንክሻ እንደሚያም የሚማረው ከወንድሞቹ ጋር ሲላፋ ነው። ምግብ አያስጨንቅህ፣ ከሥጋ ቤት ትራፊ ታገኛለህ። ሳንባና ጉበት ጥሬውን እንዳትሰጠው፤ ትሉ ከውሻው አልፎ ለሰው ይተርፋል። ቡና ውስጥ ስለምትውል ይቺን ልጨምርልህ፦ የኔ አንዱ የጀበና አተላ ልሶ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ አደረ። ደረቱ ላይ እጄን ሳደርግ ልቡ ከበሮ ነበር። ቡና ለውሻ መርዝ ነው።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦
ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከዚያ በየዓመቱ። ይህን የማታደርግ ከሆነ አትውሰደው። ያልተከተበ ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ማዳኛ የለውም።

የሂርማታዋ እናት፦
ልጄ፣ ጎረቤቶችህን ጠይቀሃል? እኛ ሙስሊሞች ጋ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ለጥበቃ መያዝ አይከለከልም፤ ብቻ ከዕቃችንና ካሰጣነው ልብስ ይራቅ። አጋሮ ስትሄድስ ማን ያበላዋል? አንዱ ጎረቤቴ ሳይነግረኝ ለበዓል አገሩ ሄደ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳህኑን በዱላ እየገፋሁ አበላሁለት። ሲመለስ «አስቸገረሽ እንዴ?» ይለኛል!

የጅሬኑ ተከራይ፦
አመሰግናለሁ። አከራዬን ጠየቅኳቸው። «ቀን ቀን ማን ሊያየው ነው? እኔ ነኝ?» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «አጥሩን ከጠገንክ እናያለን» አሉኝ። የቆርቆሮ ዋጋ ጠይቄ መጣሁ፣ ከደሞዝ በፊት አይሞከርም። ቅዳሜ አልሄድም፤ ቡችላውም ቢሆን ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ሰንሰለቱን ባለሱቁ አልመልስም ስላለ የግቢው በር ላይ አድርጌዋለሁ።