ባለቤቴ ከጅቡቲ ትኩሳት ይዞት ገባ፤ ነገ ውጣ ተብሏል

የሹፌር ሚስት (ኮምቦልቻ)፦
እንደምን ናችሁ። ባለቤቴ የተሳቢ ሹፌር ነው። በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ጋላፊን ተሻግሮ ጅቡቲ ወደብ ይጭናል። በዚህ ወር ሁለት ቢያጆ ሠርቷል። ትናንት ማታ ገባና ጫማውን ሳያወልቅ «ብርድ ብርድ አለኝ» ብሎ ጋደም አለ። ሰውነቱ ይፋጃል። እሱ ግን «ድካም ነው፣ ተኝቼ ልነሳ» ነው የሚለው። ድንበር ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ሦስት ሌሊት ተሳቢው ሥር ሰሌን አንጥፎ እንዳደረ የነገረኝ ረዳቱ ነው። ጋቢናው በሙቀት አያስተኛም አሉ። አጎበር ገዝቼለት ነበር። ጠዋት ልብሱን ላወጣ ጋቢና ስገባ ከነላስቲኩ ወንበር ጀርባ አገኘሁት። አለቀስኩ። ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እየዋጠ ነው። ይሂድ ወይ?

የድሮ ሹፌር፦
አብሽሪ እህቴ፣ ግን እንዳይሄድ። 20 ዓመት በዚህ መስመር ነድቻለሁ። አንዴ ትኩሳት እያንቀጠቀጠኝ ወጣሁ። ባለንብረቱ «ዕቃው ዘገየ» እያለ ወጥሮ ይዞኝ ነበር። ሚሌ ሳልደርስ መሪ ላይ አሸልቤ የነቃሁት ግመሎች መሃል ልገባ ስል ነው። እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣብኛል። ውኃም በደንብ ይጠጣ፤ እኔን የኩላሊት ጠጠር ያሠቃየኝ በዚያ በረሃ ውኃ ሳልጠጣ እየዋልኩ ነው።

ነርስ ነኝ፣ ከደሴ፦
ዲክሎፌናኩን አሁኑኑ ያቁም! ደንጊ (በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ) ከሆነ ደም መፍሰስ ሊያመጣበት ይችላል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። ዛሬውኑ ይመርመር፣ ለወባም ለደንጊም። ሲገባ መጀመሪያ «ከጅቡቲ ነው የመጣሁት» ይበል። እኛ ጋ ደጋ ስለሆነ ይህን ያልተናገረ ሰው ታይፎይድ ነው ተብሎ ሊሸኝ ይችላል። ወባ ከተነከሱ ሳምንትም ከዚያ በላይም ቆይቶ ነው የሚነሳው፤ ከፊተኛው ቢያጆ ይዞት የመጣው ሊሆን ይችላል። የደንጊ ትንኝ ደግሞ በቀን ነው የምትነክሰው፤ እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበስ። ትኩሳቱ ሲበርድም አትዘናጊ፤ ደንጊ የሚከፋው ያኔ ነው። ድዱ ከደማ፣ ሆዱን አጥብቆ ካመመው ወይም ትውከት እምቢ ካለው ሐኪም ቤት ሩጡ።

የሹፌር ሚስት፦
ተመረመረ፤ ወባ ነው። መድኃኒት ጀምሯል። ባለንብረቱ ጋ እኔው ደውዬ «ሌላ ሹፌር ፈልግ» አልኩት። ዘጋብኝ። ይዝጋ። አጎበሩ ግን ተሳቢ ሥር እንዴት ይሰቀላል?

የድሮ ሹፌር፦
አላህ ያሽረው። አራቱ ጫፍ ላይ ሲባጎ እሰሪበት። እሱ ከሻንሲው ጋር ያስረዋል፣ ታችኛውን ጠርዝ ሰሌኑ ሥር ይወትፈዋል። ሰፊውን ግዢ፤ ረዳቱም ይገባበታል።