ለፓይለት ተማሪ ቲዎሪ ምን ያህል ይበቃል?

ጠያቂ፦ የሱሉልታው ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። የበረራ ተማሪ ነኝ፤ 14 ሰዓት በርሬያለሁ። እጅህ ጥሩ ነው ይሉኛል። ያስጨነቀኝ ቲዎሪው ነው። የአየር ሕግ፣ ሜትሮሎጂ፣ ናቪጌሽን፣ ሬዲዮ... ተከምሮብኛል። ማታ እዚህ ሱሉልታ መብራት ሲጠፋ በስልኬ ብርሃን አነባለሁ። ጠዋት ስነሳ ግን የለም፣ ተኗል። ክንፍ ለምን እንደሚያነሳ እንኳ አንዱ በርኑሊ (የአየር ግፊት ልዩነት) ይላል፣ ሌላው ኒውተን (አየሩን ወደ ታች መግፋት)። ለመብረር ይሄ ሁሉ ያስፈልጋል?

ያለፈበት
ወንድሜ አትጨነቅ። የድሮ ጥያቄዎች ሰብስብና ሸምድድ። ምርጫ ነው። እኔ እንደዛ ነው ያለፍኩት።

ጡረተኛው አሰልጣኝ
ሽምደዳ ፈተና ያሳልፋል። ከዚያ በኋላስ?

ልጄ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ እናንተ ሰፈር ዳገቱን የሚወጣ አሮጌ ካርቡሬተር መኪና አይተሃል? ጥቁር ጭስ እየተፋ ያቃስታል። አየሩ ሳስቷል፣ ነዳጁ ግን አልቀነሰም። የፒስተን አውሮፕላንህም ያው ነው። ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቁን) ማኑዋሉ በሚለው መሠረት የምታሳሳው ለዚህ ነው። ምክንያቱ ከገባህ አይተንብህም።

ቦሌ 7,600 ጫማ ገደማ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ ስታንዳርዱ ሙቀት 0 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀትር ላይ 25 ቢሆንስ? ከስታንዳርዱ በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ጨምር፤ 3,000 ይመጣል። አውሮፕላኑ 10,600 ጫማ ላይ ያለ ያህል ነው የሚሠራው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይደክማል፣ ፕሮፔለሩም ክንፉም የሚይዘው አየር ያንሳል፣ መንደርደሪያህ ይረዝማል። ይህን በወረቀት ሳትሠራ አትነሳ።

በርኑሊና ኒውተንን አንተ አታስታርቃቸውም፤ አልተጣሉምና። አንግል ኦፍ አታክን (ክንፉ ከሚመጣበት አየር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን) ግን እንደ ስምህ እወቅ። ክንፍ ስቶል የሚያደርገው (የማንሳት ኃይሉን የሚያጣው) ማዕዘኑ ከልኩ ሲያልፍ ነው፤ በየትኛውም ፍጥነት። ከፍታህን ሳትለቅ 60 ዲግሪ አጋድለህ ብትዞር የስቶል ፍጥነትህ 41 በመቶ ያድጋል። 50 ኖት የነበረው 70 ገደማ ሆነ ማለት ነው።

ቴክኒሽያኗ
ጋሼ እውነታቸውን ነው። ግን የሚሸመደድም አለ። ሞተር ሲጠፋ መጽሐፍ የሚገልጥ የለም! የድንገተኛ ጊዜ ቅደም ተከተሉን ወጥ እየሠራህም ቢሆን በቃልህ በለው። ሌላውን ከበረራህ ጋር አዛምደው። ነገ ስቶል የምትለማመድ ከሆነ ዛሬ ማታ ስለ ስቶል ብቻ አንብብ።

የሱሉልታው ልጅ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንቺም እህቴ ተባረኪ። የዛሬውን በ22 ዲግሪ ሠራሁት፤ 10,240 ጫማ ወጣልኝ። ልክ ነኝ?

ጡረተኛው አሰልጣኝ
ማባዛቱ ልክ ነው። የዕለቱን ኪውኤንኤች (በባሕር ወለል ልክ የተሰላውን የአየር ግፊት) ግን አየህ? ከስታንዳርዱ 1013 ከተለየ 7,600ው ራሱ ይቀየራል። እንደገና ሥራው።