ወንዙ ዝግ ሆኖ ካርፕ ላማረው፦ የት ይኬድ? ምን ይገዛ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሰሜን ለንደን ነው። የአሳ ማጥመጃ ዘንግ የገዛሁት አምና መስከረም ላይ ነው፤ ከሥራ ስወጣ ሊ ወንዝ ዳር እቆም ነበር። አሁን ዝግ ነው አሉኝ። ትናንት ግን ድልድዩ ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ ትልልቅ ካርፖች ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አካባቢው ላይ ሰው የለም። እውነት ይሄን ያህል ጥብቅ ነው? ከሆነስ እስኪከፈት የት ልሂድ? ዕቃም ጠቁሙኝ፣ ኪሴ ግን ብዙ አይችልም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዎ ጥብቅ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ወንዞች ላይ ከማርች 15 እስከ ጁን 15፣ በእኛ ከመጋቢት 6 እስከ ሰኔ 8፣ ካርፕም ሆነ ብሪም፣ ሮችም ሆነ ፓይክ ማጥመድ ክልክል ነው። ሁለቱም ቀናት ራሳቸው ዝግ ናቸው። የሚከፈተው ጁን 16 ሊገባ ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲሞላ ነው፤ ለዚህም ነው በዚያች ሌሊት ወንዝ ዳር ቴርሞስና መብራት ይዞ ሰዓቱን የሚጠብቅ ሰው የምታየው። «ይዤ እለቀዋለሁ» ማለት አያድንም፣ የተከለከለው ማጥመዱ ነውና። ይሄ መዝጊያ ትራውት የሚባለውን አሳ ስለማይመለከት «ትራውት ነው የምፈልገው» የሚሉም አሉ። ቦይሊ (የካርፕ ማጥመጃ ድብልብል ምግብ) ሰክቶ፣ አላርም (አሳ ክሩን ሲጎትት የሚጮህ) ተክሎ ትራውት እፈልጋለሁ የሚልን ሰው ግን ተቆጣጣሪው አያምነውም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል፤ ዕቃህም ሊወረስ ይችላል።

ፈተናው ግን ይገባኛል። ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ላይ ውሃው ሲሞቅ ካርፕ ከጥልቁ ወጥቶ የዊሎው ዛፍ ሥር ይቆማል፣ ጀርባው ከውሃው ብቅ ይላል። የዳቦ ቅርፊት ብትጥልለት ቀስ ብሎ ይዞረውና በወፍራም ከንፈሩ «ጭብ» አድርጎ ሲመጠው ድምፁ ድልድዩ ላይ ይሰማል። ዓመቱን ሙሉ ሲደበቅህ የከረመ አሳ ራሱን የሚያሳይህ በተከለከልክበት ወር ነው። ማየት አልተከለከለም፤ የፀሐይ መነጽር አድርግና ዝም ብለህ እያቸው። የቆሙበትን፣ የሚመላለሱበትን መንገድ ያዝ፤ ጁን 16 ላይ ከማንም ቀድመህ ታውቀዋለህ።

ስለ ሕጉ ትንሽ። መነሻው በ1878 የወጣ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። የሼፊልዱ የፓርላማ አባል አንቶኒ ሙንዴላ ስላስወጡት በስማቸው ይጠራል። ዛሬ የሚሠራበት የ1975ቱ ሕግ ነው። ድሮ ሐይቁም ኩሬውም አብሮ ይዘጋ ነበር። በ1995 አብዛኞቹ ሐይቆች ነፃ ወጡ፣ በ2000 ደግሞ አብዛኞቹ ካናሎች። በዋናነት ወንዙ ቀረ፤ በ2019 የሕዝብ አስተያየት ተሰብስቦ ባለበት ይቀጥል ተባለ።

«ካርፕ እንቁላሉን የሚጥለው ውሃው ወደ 18 እና 20 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፣ አንዳንዴም ወንዙ ከተከፈተ በኋላ፤ ታዲያ መዝጊያው ምን ሊጠቅመው?» የሚሉ አሉ። ስለ ካርፕ ብቻ ከሆነ አልሟገታቸውም። ግን ዴስ የሚባለው ትንሹ አሳ ከመጋቢት ጀምሮ ጠጠር ላይ ይወልዳል፣ ቸብና ባርበል ይከተሉታል፣ ወፉም ዳር ዳሩን ጎጆ የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። የጣናን ነገር የሚያውቅ ሰው ይሄ አይጠፋውም፤ ክረምት ላይ ነጭ አሳው ለመውለድ ወደ ጉማራና ርብ ሲወጣ፣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት የሚያፍሰው የዘመኑን አሳ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውን ዓመት ጭምር ነው።

አሁን ወደ ጥቆማው። የትም ብትሄድ መጀመሪያ የዘንግ ፈቃድ ያስፈልግሃል፤ ሐይቅ ነው፣ ካናል ነው፣ የግል ነው አይባልም። መንግሥት ድረ ገጽ ላይ በደቂቃዎች ይወጣል። የአንድ ቀን፣ የ8 ቀንና የዓመት አለ፤ የዓመቱን ውሰድ። ተራው ፈቃድ ለሁለት ዘንግ ይበቃል፣ የሦስት ዘንጉን ለጀማሪ ማንም ቢመክርህ አትስማ። ያለፈቃድ ስታጠምድ ከተያዝክ ቅጣቱ እስከ 2,500 ፓውንድ ይደርሳል። ፈቃዱ ግን ውሃው ላይ የመቀመጥ መብት አይሰጥህም፤ የባለቤቱ ቲኬት ለብቻው ነው።

ቲኬት የሚሸጡ ሐይቆች ለአንተ የመጀመሪያ ምርጫዬ ናቸው። የቀን ቲኬቱ ባብዛኛው ከ10 እስከ 20 ፓውንድ ነው፤ የሚያድር ሰው ከዚያ በላይ ይከፍላል። ምዕራብ ለንደን ያላችሁ፣ አይቨር ያለው ፋርሎውስ ሌክ ከሂትሮው ብዙ አይርቅም። መኪና ያለውና ትልቅ አሳ የሚያልም ደግሞ ኦክስፎርድ አጠገብ ስታንተን ሃርኮርት ያሉትን የሊኒየር ፊሸሪስ ሐይቆች ያውቃቸዋል፣ ጠጠር ሲወጣባቸው የነበሩ ሰፋፊ ጉድጓዶች ናቸው። እዚያ ለመሄድ ግን አትቸኩል። ሩቅ መወርወር የሚጠይቅ ሰፊ ውሃ ላይ አዲስ ሰው ቀኑን ሙሉ አላርሙ ሳይጮህለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ፓውንድ የሚመዝኑ ካርፖች በብዛት ያሉበት ትንሽ ሐይቅ ይሻልሃል፤ ክሩ ሲወጠር ምን እንደሚመስል እጅህ የሚማረው እዚያ ነው። (ታዋቂው አጥማጅ ሪቻርድ ዎከር በሴፕቴምበር 1952 ሬድማየር ፑል በሚባል ኩሬ የያዘው ካርፕ 44 ፓውንድ ይመዝን ነበር፤ ለንደን ዙ፣ የእንስሳት ማቆያው፣ ወስደውት ሰው እየተሰለፈ አየው። ዛሬ ቲኬት በሚሸጥ ሐይቅ ያን የሚያህል ይያዛል፤ የካርፑ ዓለም ምን ያህል እንደተለወጠ ከዚህ ገምት።)

አንድ ነገር ልብ በል፤ ባለሐይቆች ካርፑ ሲወልድ ሲያዩ በራሳቸው ውሳኔ ለጥቂት ቀናት ይዘጋሉ፣ ስለዚህ ግንቦት ላይ ደውለህ ሂድ። ቅዳሜና እሑድም ቦታ አይገኝም፣ ፈረቃ የምትሠራ ከሆነ ማክሰኞን የመሰለ ቀን የለም።

ካናሉ ከሁሉም ርካሽ ነው፣ ለእኔም ከሁሉም ይጥመኛል። ሪጀንትስ ካናል በኪንግስ ክሮስ፣ በኢዝሊንግተንና በሃክኒ አድርጎ እስከ ላይምሃውስ ይወርዳል፤ ቪክቶሪያ ፓርክ አጠገብ ያለው ሃርትፎርድ ዩኒየን ደግሞ አጭርና ጸጥ ያለ ነው። ካርፕ አለባቸው፣ ቁጥሩ ግን ትንሽ ነው፣ የሚደበቀውም ከታሰሩት ጀልባዎች ሥር ነው። ብዙውን ክፍል የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ነው፤ አንዳንዱ ክፍል በክለብ እጅ ስለሆነ የማን እንደሆነ አስቀድመህ እይ። በአጭር ዘንግ ሂድ፣ 9 ወይም 10 ጫማ። ረጅሙን መንገዱ ላይ ዘርግተህ ብስክሌተኛ ሲመጣ የሚሆነውን አስበው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለበት 30 ሜትር ራቅ፤ ካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ካናልና ወንዝ የሚቀላቀሉበት ቦታ ላይ ከሆንክ የወንዙ ክፍል በወንዝ ሕግ ነው የሚሄደው፤ «ሁሉም ካናል ነው» ብሎ ጓደኛህ ስለነገረህ ብቻ አትዘርጋ።

ክለብ? ለሚቆይበት ሰው ጥሩ ነው። አሠራሩ እንደ እድር ነው፦ መዋጮ አለ፣ የሥራ ቀን አለ፣ ቀርቶ የሚወቀስ አለ። ዘንድሮ አትግባ፣ ዓመት ተለማመድ።

የፓርክ ኩሬዎች ላይ ሕጉ ባያስገድዳቸውም የራሳቸውን መዝጊያ ይዘው የቆዩ አሉ፤ በር ላይ የተለጠፈውን አንብብ። ልዩ ጥበቃ ያለባቸው አንዳንድ ሐይቆችና የኖርፎክ ብሮድስ (ምሥራቅ እንግሊዝ ያሉ ውሃዎች) ደግሞ እስከ ዛሬ በሕግ ይዘጋሉ።

ዕቃ። ገንዘብህን ዘንጉ ላይ አትጨርስ። የስፖርት ሱቁ የዲካትሎን ካፐርላን ዘንግ ለጅማሬ በቂ ነው፤ በእጅህ ይዘህ እየው። ፎክስና ናሽ ጥሩ ናቸው፣ ግን ከዋጋው የተወሰነው ለስሙ ነው። የክር ማጠንጠኛ ላይ ግን አልከራከርም፤ ያገለገለ የሺማኖ ቤይትራነር ብታገኝ ካዲስ ርካሽ ማጠንጠኛ ይሻላል። አሳው ሲሮጥ ክሩን በነፃ የሚለቅ ቁልፍ አለው፣ ያ ከሌለ ሻይ ልትቀዳ ዞር ስትል ዘንግህ ውሃ ውስጥ ይገባል። ክር ከ12 እስከ 15 ፓውንድ ክብደት የሚችል፣ መንጠቆ ቁጥር 8፣ ባርብለስ (ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ የሌለው) ይሁን፤ ብዙ ሐይቅ ሌላ አያስገባም።

የማይታለፉት ሁለቱ ማውጫ መረብና የወጣው አሳ የሚጋደምበት ምንጣፍ ናቸው። መረቡ 42 ኢንች፣ ምንጣፉ ወፍራምና ዳር ያለው። ብዙ ሐይቅ እነሱን ካላሳየህ ቲኬት አይሸጥልህም። ምንጣፉን ውሃ አርከፍክፍበት፣ እጅህን አርጥብ፣ ተንበርከክ፤ ቆመህ ለፎቶ ካርፕ አትያዝ። ሲወራጭ ካንተ ደረት ከፍታ መሬት ላይ ከወደቀ ያልቅለታል። አላርም፣ ድንኳን፣ ተጣጣፊ አልጋ፣ ይሄ ሁሉ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እናመሰግናለን። ማጥመጃ ምግቡስ? ቦይሊው ኪሎው ውድ ነው።

መልስ፦ ውድ ነው፣ በተለይ የሜይንላይኑ ሴል። ይሠራል፣ አልክድም፤ ሌሎች ትናንሽ አሳዎች ቶሎ አይቆርሱትም። ለትንሽ ሐይቅ ግን የጣሳ በቆሎ ይበልጠዋል፣ ዋጋውም አይገናኝም። መንጠቆው ላይ አትሰካው፤ ከመንጠቆው በታች በምትንጠለጠል አጭር ክር ላይ ሁለት ፍሬ ሰክተህ በትንሽ ማቆሚያ ዝጋው፣ ፀጉር ሪግ የሚሉት ነው። ካርፑ ፍሬውን ሲመጥ መንጠቆው አብሮ ገብቶ ከንፈሩን ይይዛል።

ሌላው እኛ ቤት ያለ ነው፦ ሽምብራ። እንግሊዞቹ ያጠምዱበታል። ከበቆሎና ከስንዴ ጋር ቀቅለህ ብትወስድ በኛ ቋንቋ ንፍሮ ነው፣ በነሱ ፓርቲክል ሚክስ ይባላል፣ በባልዲ ይሸጡታል። ግን ቀኑን ሙሉ ዘፍዝፈህ፣ አብስለህ፣ በጣትህ ስትጫነው የሚፈርስ መሆን አለበት፤ ያልበሰለው አሳው ሆድ ውስጥ ያብጣል። በርበሬ ብትነሰንስበት ችግር የለም፣ እነሱም ቺሊ ይጨምራሉ። ለውዝ ነክ ነገር የሚከለክል ሐይቅ ብዙ ስለሆነ ግን መጀመሪያ ደንቡን እይ።

ጥያቄ፦ እኔ እናት ነኝ፣ ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ አብሬው ልሂድ ብዬ ነው። ለሁለታችንም ማውጣት አለብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከ13 ዓመት በታች ፈቃድ አያስፈልገውም። ከ13 እስከ 16 ነፃ ነው፣ ግን መመዝገብ አለበት። አንቺ ዘንግ ከነካሽ ላንቺ ያስፈልጋል፣ ሳንድዊች ይዘሽ ብትቀመጪ ግን አያስፈልግም። ለልጅ ካርፕ አያስቸኩልሽ፤ ትንሽ ዘንግና ተንሳፋፊ ገዝተሽለት ሮች ይያዝ፣ በየአሥር ደቂቃው የሚሆን ነገር ካለ አይሰለችም።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ አንድ ብናመጣስ? አንድ ብቻ!

መልስ፦ ከሐይቅ አሳ ያለባለቤቱ ፈቃድ ወስዶ መሄድ ስርቆት ነው፤ ባለቤቱ ለያንዳንዱ ካርፕ ስንት እንደከፈለ ብታውቅ አትጠይቅም ነበር። ወንዙ ከተከፈተ በኋላም ቢሆን ባለመብቱ ከፈቀደ በቀን 15 ትናንሽ አሳ ነው፣ ከ20 ሴንቲሜትር የማይበልጥ። ስለዚህ ትልቅ ካርፕ በምንም ቀዳዳ አይወጣም። መብላት ከፈለግክ የፖላንዶች ሱቅ ጎራ በል፣ በተለይ ለነሱ ገና ሰሞን አይጠፋም። አጥንቱ ብዙ ነው፣ ዝዋይና ቆቃ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ጎን ለጎን በቀጭኑ ከትከት አድርገህ በብዙ ዘይት ጥበሰው።

ጥያቄ፦ እኔ ኤዲንብራ ነኝ። ይሄ ሁሉ እኔንም ይመለከታል?

መልስ፦ አንተማ ተርፈሃል። ስኮትላንድ ውስጥ ለካርፕና ለመሰሎቹ መዝጊያ ወቅት የለም፣ የዘንግ ፈቃድ የሚባልም የለም። የሚያስፈልግህ የውሃው ባለቤት ፈቃድ ብቻ ነው፤ እሱን በጽሑፍ ያዝ። የካርፑ ውሃ ግን ከእንግሊዙ ያነሰ ስለሆነ እዚያ አካባቢ ያለ የዕቃ ሱቅ ገብተህ ጠይቅ፣ መንጠቆ ሲገዙ ወሬ አይነፍጉም።