የፒኤችፒ ፋይል መጨረሻ ላይ መዝጊያ ታግ ይኑር ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ አንድ አባላችን በፒኤችፒ (የድረ ገጽ መሥሪያ የፕሮግራም ቋንቋ) በተጻፈ ገጽ ሎጊን ባደረገ ቁጥር ገጹ መልሶ ወደ ሎጊን ይወስደዋል፤ «ሄደር ቀድሞ ተልኳል» የሚል ማስጠንቀቂያም ይወጣበታል (ሄደር ከገጹ ይዘት በፊት ለብራውዘሩ የሚላክ መረጃ ነው)። ጥፋቱ የተገኘው የዳታቤዝ ማገናኛው ፋይል ላይ ነው፦ ከ?> (መዝጊያ ታጉ) በኋላ ሁለት ባዶ መስመሮች ተርፈዋል። ታዲያ ?> ጭራሽ ይቅር?

ባክኤንድ ሠሪ፦ ይቅር! ከመክፈቻና ከመዝጊያ ታጉ ውጭ ያለውን ሁሉ፣ ስፔስም ቢሆን፣ ፒኤችፒ እንዳለ ይልከዋል። ኩኪ (ሎጊን ማድረግህን የሚያስታውሰው) እና ሪዳይሬክት (ወደ ሌላ ገጽ መላኪያው) የሚሄዱት በሄደር ነው፤ ሄደር ደግሞ ከገጹ ይዘት መቅደም አለበት። አንዲት ስፔስ ከቀደመች አበቃ። የፒኤችፒ ኮድ አጻጻፍ ደንቡ ፒኤስአር-2 በ2012 እ.ኤ.አ.፣ የተካው ፒኤስአር-12ም በ2019 እ.ኤ.አ.፣ ፒኤችፒ ብቻ ባለበት ፋይል መዝጊያው ይተው ብለው ደንግገዋል።

አስተማሪ፦ አልስማማም። ተማሪዎቼን «የከፈታችሁትን ዝጉ» እያልኩ ነው የማስተምረው። ደግሞ ከ?> ቀጥላ የምትመጣውን አንዲት አዲስ መስመር ፒኤችፒ ራሱ ይውጣታል፤ ከዚያ የተረፈውን ኤዲተሩ ያጽዳ። አውትፑት በፈሪንግም (ውጤቱን ወዲያው ሳይልኩ አጠራቅሞ ማቆየት) አለ።

ባክኤንድ ሠሪ፦ መምህር፣ በፈሪንግ ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም። እኛ ጋ በርቶ ደንበኛው ሰርቨር ላይ ከጠፋ፣ ችግሩ እዚያ ይፈነዳል። ቢበራም ስፔሷ መውጣቷ አይቀርም። ፒኤችፒ ምስል ሲልክ ከምስሉ ባይቶች በፊት ባዶ መስመር ከገባ ምስሉ አይከፈትም። አርኤስኤስ (በኤክስኤምኤል የሚጻፍ የአዳዲስ ጽሑፎች ማሰራጫ) ላይም የኤክስኤምኤል መግለጫው ከፋይሉ አናት ካልጀመረ ስህተት ነው።

የአማርኛ ገጽ ሠሪ፦ እናንተ የምትከራከሩት ስለ መጨረሻው ነው፤ እኛን ያሰቃየን መጀመሪያው ነው። የግዕዝ ፊደል ያለበትን ፋይል ዩቲኤፍ-8 አድርገን እናስቀምጣለን፤ የድሮው ኖትፓድ ታዲያ ቦም የሚባሉ 3 ባይቶች አናቱ ላይ ይጨምርበት ነበር። ማስጠንቀቂያው «መስመር 1» ይላል፤ መስመር 1 ላይ ግን ለዓይን የሚታይ ነገር የለም። መዝጊያውን መተው ለዚህ ምን ይፈይዳል?

ባክኤንድ ሠሪ፦ እውነትሽን ነው እህቴ፣ ለዚያ ምንም አይፈይድም፤ «ያለ ቦም» ብሎ ማስቀመጥ ነው። ግን የፊቱ በር ክፍት ነው ተብሎ የጓሮው አይከፈትም።

አስተማሪ፦ ፒኤችፒ ብቻ ላለበት ፋይል እሺ፣ ይቅር። ኤችቲኤምኤል የሚከተለው ቴምፕሌት ላይ ግን መዝጋት ግድ ነው፤ ጀማሪ ሁለቱን እንዳያምታታ እሰጋለሁ። ለእኔ የሚቀድመው ማስጠንቀቂያውን ማንበብ ማስተማር ነው። ሁለት ቦታ ነው የሚጠቁመው፦ ሄደሩ የተጠራበትንና ውጤቱ መውጣት የጀመረበትን። ልጆቹ ሄደሩ የተጠራበትን ይዘው ሲፈልጉ ይውላሉ፤ ስፔሷ ያለችው ውጤቱ መውጣት የጀመረበት ላይ ነው።